ከዶሮ ቤት እስከ ፋሲካ ማዕድ፦ ኩስንና ጉዝጓዝን አብላልቶ ለአትክልት ስለ ማዋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁ ምእመናንና ምእመናት፦

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ የመሰለውን የበለሷን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ የታጣባትን በለስ ባለቤቱ እንድትቆረጥ ባዘዘ ጊዜ፣ አትክልተኛው የአንድ ዓመት ዕድሜ ለመነላት። ልመናውን ግን ባዶውን አላቀረበም፤ ዙሪያዋን ሊቈፍርላት፣ ፍግም ሊሰጣት ቃል ገባ። ሰባክያን ከዚህ ተነሥተው ስለ ንስሐ ዕድሜ ያስተምራሉ፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ምሥጢር የሚያርፈው በንባብ ላይ ነውና ንባቡንም ልብ ልንለው ይገባል። አትክልተኛው የለመነው አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት አይደለም፤ አንድ ዓመት ነው። ፍግ የሚሠራው በጊዜ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢያሪኮ ቆላ ባለው የአትክልት ስፍራችን አጠገብ ያለው የዶሮ ቤት ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ በማኅበራችን መካከል ተነሥቷል። ይነሣ የሚሉት አባቶች ሽታውና ዝንቡ ለጸሎትም ለእንግዳም አይመችም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይቆይ የሚሉት ደግሞ ዶሮዎቹ ለእንግዶችና ለድውያን ዕንቁላል፣ ለአትክልቱም ፍግ ይሰጣሉ ይላሉ፤ እነርሱም እውነታቸውን ነው። ከሁለቱ በላይ ግን ሊታሰብ የሚገባው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የተሳላሚው ጤና ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር የመጡ አረጋውያን ከማዕዳችን የሚበሉት ሰላጣና ጎመን ከዚሁ አትክልት ስፍራ የተቀጠፈ ነው። ቅጠሉ በጥሬ ኩስ የረከሰ ቢሆን፣ በረከት ፍለጋ የመጣው ሰው በሽታ ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ የዶሮውን ጉዳይ ከመወሰናችን በፊት የኩሱን ነገር ጠንቅቀን ማወቅ ይገባናል።

ኩስ ከሌላው ፍግ የሚለይበት

አማርኛችን የእንስሳውን ሁሉ ጕድፍ በአንድ ስም አይጠራውም። የላሙ ትኩሱ እበት፣ ሲደርቅ ኩበት ነው፤ የፈረሱና የአህያው ፋንድያ፣ የፍየሉና የበጉ በጠጥ፣ የዶሮውና የአዕዋፉ ኩስ ይባላል። ስሙ የተለየው ጠባዩ ስለሚለያይ ነው።

አዕዋፍ እንደ ላምና እንደ በግ ሽንታቸውን ለብቻ አይሸኑም፤ ሁሉንም በአንድነት ያወጣሉ። በኩሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ዩሪክ አሲድ የሚባል በናይትሮጅን የበለጸገ ንጥረ ነገር ነው። ይህ እርጥበት ሲያገኝ በረቂቃን ተሕዋስያን ሥራ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። በዶሮ ቤት ውስጥ ዓይንን የሚቈጠቍጠውና አፍንጫን የሚወጋው ይኸው አሞኒያ ነው። ናይትሮጅን ለቅጠል ልምላሜ የሚሰጥ ምግብ ስለሆነ ኩስ ከእበት እጅግ የበረታ ፍግ ነው፤ ከዚህም ጋር ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው። ኀይሉ ግን ትኩስ ሳለ ሥርን ያቃጥላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅን አገልጋይ ከዶሮ ቤት በቀጥታ የወጣ ኩስ በ12 የሮማን ችግኞች ግንድ ሥር ከምሮ አጠጣቸው። በሁለተኛው ሳምንት የቅጠሎቻቸው ጠርዝ እሳት እንደ ለበለበው ሆነ፤ 5ቱ ጨርሰው ደረቁ። ውኃ አልጎደለባቸውም፤ ተባይም አልነካቸውም። የገደላቸው ጊዜውን ያልጠበቀ ምግብ ነው። ለሕፃን ከወተት በፊት ጽኑ ምግብ እንደማይሰጥ ሁሉ ለችግኝም ያልተብላላ ኩስ አይሰጥም።

ሁለተኛው ጉዳት በዓይን የማይታየው ነው። በዶሮ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላን የመሰሉ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ዶሮዋ ጤነኛ መስላ ሳለ ኩሷ ሊበክል ይችላል። ተቀቅሎ በሚበላ ጎመን ላይ አደጋው ያንሳል፤ በጥሬው በሚበላ ሰላጣና ካሮት ላይ ግን ይበረታል።

የኤልሳዕ ምንጭና የጨው ነገር

ሦስተኛው ጉዳት ለዚህ ሀገር በተለይ የሚነገር ነው። ኢያሪኮን የምትሳለሙ ሁሉ ነቢዩ ኤልሳዕ የፈወሰውን ምንጭ አይታችኋል። በ2ኛ ነገሥት በ2ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ የከተማይቱ ሰዎች ውኃው ክፉ፣ ምድሪቱም ፍሬ የማትሰጥ መሆኗን በነገሩት ጊዜ ነቢዩ በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ በምንጩ ጣለ፤ ውኃውም ተፈወሰ። የዚህ ተአምርነት የሚታወቀው ጨው በባሕርዩ ውኃን የሚያበላሽ፣ ምድርንም የሚያመክን ሆኖ ሳለ በእግዚአብሔር ኀይል መድኃኒት በመሆኑ ነው።

እኛ ግን ኤልሳዕ አይደለንም። ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ የምትገኝ፣ ዝናቧ ጥቂት፣ በጋዋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ቆላ ናት። ፀሐይ ውኃውን ወደ ላይ ስባ ታደርቀዋለች፤ ጨውም በአፈሩ ገጽ ላይ ይቀራል። የዶሮ ኩስ ደግሞ በራሱ ጨዋማ ነው። በጨዋማ አፈር ላይ ጨዋማ ፍግ በየዓመቱ ያለ ልክ ብንጨምር፣ ነቢዩ የፈወሰውን ምድር እኛ መልሰን እናመክናለን።

በዚህም የተነሣ አትክልቱን እንደ ጠባዩ መለየት ያስፈልጋል። ተምር ጨውን ከሁሉ ይልቅ ይታገሣል፤ በለስና ሮማን መካከለኞች ናቸው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ሽንኩርትና ካሮት ግን ቶሎ ይጎዳሉ። ለእነዚህ የሚሰጠው በደንብ የተብላላና መጠኑ ያነሰ ሊሆን ይገባል።

ከሀገር ቤት አዲስ ለምትመጡ ወንድሞች አንድ ነገር ላሳስብ። በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ በጓሮ ላይ አመድ መበተን ይጠቅማል። የዚህ ሀገር አፈር ግን ከኖራ ድንጋይ የወጣ ነው፤ አመድ አይሻም። አመድ በክምሩ ላይ ቢጨመር አሞኒያውን ወደ አየር ያባርረዋል፤ ጨውንም ያበዛል። በሀገራችን መልካም የነበረው ሁሉ በዚህ መልካም ነው ማለት አይደለም።

የቀደሙት ሰዎች ልማድ

የአዕዋፍን ኩስ ለአትክልት ማዋል በዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ጉብሪን አጠገብ ባለችው በጥንታዊቷ መሪሳ በለስላሳው ነጭ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉ ታላላቅ የርግብ ቤቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ በግድግዳቸው ላይ ርግቦቹ የሚያርፉባቸው ብዙ ትናንሽ ጉድጓዶች በተርታ ተቀርጸዋል። በኔጌቭ በረሓም እንደ ሺቭታ ባሉት የቢዛንታይን ዘመን የክርስቲያን ከተሞች አካባቢ የርግብ ቤቶች ፍርስራሽ ተገኝቷል። ዝናብ ጥቂት በሆነበት በዚያ በረሓ ወይን ያለሙ ሰዎች የርግቡን ኩስ ለመሬታቸው ይጠቀሙበት ነበር።

በኢየሩሳሌምም ነህምያ የፈረሰውን ቅጥር በሌሊት ሲመረምር ያለፈበት የጕድፍ መጣያ በር በመጽሐፉ ተጠቅሷል፤ በዚሁ ስም የሚጠራ በር ዛሬም በአሮጌይቱ ከተማ በደቡብ በኩል አለ። ጕድፍ ከከተማው የሚወጣበት በር እንደ ተለየለት ሁሉ፣ ከወጣ በኋላ የሚኖርበት ስፍራና ሥርዓትም ሊለይለት ይገባል። በየማዕዘኑ የተጣለ ኩስ ነውር ነው፤ በስፍራው የተከመረ ኩስ ግን ሀብት ነው።

የማብላላቱ ሥርዓት

ጉዝጓዝ የምንለው በዶሮ ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈውን ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ቅጠል ነው። ለበዓል ቄጠማ እንደምንጎዘጉዝ ለዶሮም ይጎዘጎዝላታል። ጉዝጓዙ የኩሱን እርጥበት ይመጥጣል፤ ሽታውንም ይይዛል። የሚሸት የዶሮ ቤት ሁሉ ጉዝጓዙ ያነሰበት ወይም ውኃ የገባበት ነው። ስለዚህ ከማጠጫ ዕቃው የሚፈሰውን ውኃ መከላከልና በረጠበው ላይ ደረቅ ጭድ መጨመር የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ማመጣጠን ነው። በኩስ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን የሚገኘው ካርቦን ከ7 እስከ 10 እጅ ብቻ ነው። ክምሩ በደንብ የሚሠራው ግን ካርቦኑ ከ25 እስከ 30 እጅ ሲሆን ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ደረቁ ነገር ነው፤ ጭድ፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ ደረቅ ሣር። በአካፋ ሲለካ ለ1 አካፋ ኩስ 2 አካፋ ደረቅ ነገር መስጠት ይበቃል። ከዶሮ ቤት የወጣው ራሱ ጭድ የበዛበት ከሆነ ጭማሪው ይቀንሳል። የተምር ዘንባባ ግን ጠንካራ ስለሆነ በደንብ ካልተከታተፈ ቶሎ አይበሰብስም። አሞኒያ ከሸተተ ደረቁ አንሷል፤ ክምሩ ካልሞቀ ወይ ኩሱ ወይ ውኃው አንሷል።

ሦስተኛው መከመር ነው። ክምሩ በወርድም በቁመትም ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ትንሽ ክምር ሙቀቱን አይጠብቅም። እርጥበቱ ታጥቦ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ይሁን፤ በእጅ ሲጨመቅ ከአንድና ከሁለት ጠብታ በላይ አያንጠባጥብ። በኢያሪኮ ክምሩ በጥላ ሥር ሆኖ በአሮጌ ጆንያ ይሸፈን፤ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋልና። በኢየሩሳሌም ተራራ ግን የክረምቱ ዝናብ ምግቡን አጥቦ እንዳይወስደው በላስቲክ ይሸፈን፤ የሚወርደው ፈሳሽም ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንዳይደርስ ራቅ ብሎ ይከመር።

አራተኛው ማገላበጥ ነው። በመልካም ሁኔታ የተከመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና የአረም ዘርን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። ነገር ግን የሚሞቀው መካከሉ ነው፤ ዳሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመንሽና በአካፋ እየተገላበጠ ዳሩ ወደ መካከል መግባት አለበት። በሜዳ ላይ ለሚከመር የተደነገገው ሥርዓት ከ55 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት 15 ቀን መቆየትና በእነዚያ ቀናት 5 ጊዜ መገላበጥ ነው። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ብንገዛ መልካም ነው፤ ዋጋውም ከአንድ በሽተኛ ሕክምና ያነሰ ነው። የብረት ዘንግ ሰክቶ ቆይቶ በመንካት ክምሩ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ይቻላል፤ ተሕዋስያኑ መሞታቸውን ግን በዚህ ማረጋገጥ አይቻልም። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ካለፈ የሚያብላሉት ረቂቃን ራሳቸው ስለሚሞቱ ወዲያው ይገላበጥ፤ ውኃም ይጨመርበት። ክምሩ ሰንበት አያውቅምና፣ የሰንበት ዕረፍታችን እንዳይታወክ መገላበጫው ቀን አስቀድሞ ይመደብ።

አምስተኛው ማሳረፍ ነው። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ክምሩ ሁለት ወይም ሦስት ወር ሊያርፍ ይገባዋል። ብዙዎች የሚቸኩሉት በዚህ ላይ ነው። ከላይ ጥቁር ስለ መሰለ ደርሷል ይላሉ፤ ውስጡ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

ከባሕረ ሐሳብ ጋር ማስማማት

አሁን ወደ ፋሲካው ማዕድ ልመለስ። በባሕረ ሐሳብ እንደሚታወቀው ከጾመ ነነዌ ሰኞ እስከ ትንሣኤ 69 ቀን ነው። በነነዌ ሰሞን የተተከለ የሰላጣ ችግኝ በዚህ ቆላ እስከ ትንሣኤ በደንብ ይደርሳል። እንግዲህ የተብላላው ፍግ ለነነዌ ዝግጁ መሆን አለበት። ጾመ ነነዌ ቢፈጥን ጥር 17 ቀን ይገባል። ከዚያ ወደ ኋላ አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን ብንቆጥር መስከረም 17፣ የመስቀል በዓል ላይ ያደርሰናል። ስለዚህ ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ክምሩ በመስቀል ዋዜማ ባለው ሳምንት ይከመር፤ በጥቅምት ይገላበጥ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ይረፍ፤ በነነዌ ወደ መደቡ ይግባ። ነነዌ ዘግይታ በየካቲት ብትውል ለክምሩ የበለጠ ዕረፍት ይሆንለታል።

ያልተብላላ ኩስ በመሬት ላይ ማድረግ ግድ ቢሆንስ? በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ መሠረት የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካው አትክልት ከመልቀሙ 120 ቀን አስቀድሞ፣ አፈር ለማይነካው ደግሞ 90 ቀን አስቀድሞ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። ይህም ማለት ለትንሣኤ የሚቀጠፍ ሰላጣ ባለበት መደብ ላይ በዐቢይ ጾም ውስጥ ትኩስ ኩስ መጨመር ፈጽሞ አይገባም።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዕንቁላል አንቀምስም፤ ዶሮዎቹ ግን ሥራቸውን አያቆሙም። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። 30 ዶሮዎች በጾሙ ወራት ብቻ ከ150 ኪሎ በላይ ይሰጣሉ ማለት ነው። ይህ ለሚቀጥለው ክምር በደረቅ ስፍራ፣ ከጭድ ጋር ተጠብቆ ይቆይ።

መድረሱን መመርመርና መስጠት

የደረሰ ፍግ ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር ያለ፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ የጫካ አፈር የሚሸት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ግን ፌጦ ነው። በአንድ ገበታ ላይ የተብላላውን፣ በሌላው ላይ ተራ አፈር አድርጎ በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ፍሬ መዝራትና ማጠጣት ነው። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል። በሁለቱም እኩል ከበቀለ ፍጉ ደርሷል፤ በፍጉ ላይ የበቀለው ካነሰ ወይም ሥሩ ጫፉ ከጠቆረ ገና ነው። እናቶቻችን ለጉንፋን የሚያዘጋጁት ፌጦ ለአትክልተኛውም ሐኪም ይሆነዋል።

ሲሰጥ መጠኑ ይጠበቅ። በመደብ ላይ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተበትኖ ከላይኛው አፈር ጋር ይደባለቅ፤ ከዚያም ከመትከል በፊት ጨው ወደ ታች እንዲወርድ በደንብ ይጠጣ። ለፍሬ ዛፍ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ በቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር ይበተን፤ ግንዱን አይንካ። ለችግኝ ማፍያ ከሆነ ለ3 እጅ አፈር 1 እጅ ይበቃል። የደረሰው ፍግ ባለበትና ሰላጣው በተተከለበት ስፍራ ዶሮዎች እንዳይጭሩ አጥር ይደረግ፤ አራት ወር የነጻውን አንዲት ዶሮ በአንድ ቀን ታረክሰዋለችና።

ስለ ንጽሕናና ስለ ተሳላሚዎች

ይህን ሥራ የሚሠራ ወንድም የሥራ ልብሱና ጫማው ለብቻው ይሁን፤ በዚያ ጫማ ወደ ማእድ ቤት አይግባ። ደረቅ ጉዝጓዝ ሲያወጣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ትቢያው ሳንባን ይጎዳልና። ከሥራ በኋላ በሳሙና ይታጠብ። ሰሞነኛ የሆነ ካህንና ዲያቆን በአገልግሎት ሳምንቱ ከዚህ ሥራ ይታገድ፤ ሌላው ይተካው። የሞተች ዶሮም በክምሩ አትጣል፤ ለብቻዋ ርቃ በጥልቅ ትቀበር።

ተሳላሚዎችም ልታግዙን ትችላላችሁ። የፍራፍሬ ልጣጭና የቡና አተላ ለክምሩ ይጠቅማል፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ማንኪያ ግን ለዓመታት ሳይበሰብስ በአትክልቱ ውስጥ ይኖራል። ቅባት የነካው ምግብና አጥንት አይጥንና ቀበሮን ይጠራል። ስለዚህ ከማእድ ቤቱ በር ባለው ባልዲ ልጣጩን ብቻ ጨምሩልን። ሰላጣውንም ከአትክልቱ ቀጥፋችሁ በዚያው አትብሉት፤ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በማዕድ ይቀርብላችኋል። ልጆቻችሁ ዶሮዎቹን ከነኩ እጃቸውን ያስታጥቧቸው።

ወደ ተነሣው ጥያቄ ስመለስ፣ ውሳኔው የአበው ጉባኤ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ሽታውም ዝንቡም የመጣው ከዶሮዎቹ ሳይሆን ከረጠበው ጉዝጓዝና ሥርዓት ከሌለው ክምር ነው። ሥራውን በኀላፊነት የሚይዙ ሁለት ወንድሞች ቢመደቡ፣ ክምሩ ነፋስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ እንግዳ ማረፊያው በማያመጣበት ማዕዘን ቢሆን፣ ከመስቀል እስከ ነነዌ ያለው ሥርዓት ቢጠበቅ፣ ሁለቱም ወገን የሚሻው ይፈጸማል። ይህን ለማድረግ የሚበቃ ሰው ከታጣ ግን የዶሮ ቤቱ ቢነሣ ይሻላል፤ ያለ ጥንቃቄ ከተገኘ ልምላሜ የአንድ አረጋዊ ተሳላሚ ጤና ይበልጣልና። የበለሷ ባለቤት አንድ ዓመት ሰጥቷል፤ እኛም አባቶች ከአሁኑ መስቀል እስከሚመጣው መስቀል አንድ ዓመት እንዲሰጡን እንለምናለን። ከዚያ በኋላ ፍሬው ራሱ ይመስክር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።